ክሪኬት የበላው ሰባተኛ ትምህርት

ለክቡር የምዕራብ ተራሮች ልማት ቴሌቪዥን ጣቢያ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ደኅንነት፣ ከዚያም የቢሮዎን አየር ማቀዝቀዣ ደኅንነት ዝቅ ብዬ እጠይቃለሁ። ዘንድሮ ሙቀቱ በርትቷል፤ እኛ የተራራው ጎሳ ቢሎች ከተፈጠርን ጀምሮ ለምደነዋል፣ እርስዎ ግን ያ ማቀዝቀዣ አንድ ቀን ቀጥ ቢልብዎት ምን ይውጥዎታል እያልኩ ሥራ ፈትቼ እጨነቃለሁ። የእኛን ደኅንነት የጠየቁ እንደሆነ፣ አምላካችን ባባ ዴቭ ይመስገን፣ በአምሊፓዳ መንደር ያለን አርባ ሦስት ቤተሰቦች እስከ ዛሬ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ድረስ ሁላችንም በሕይወት አለን። ቀኑንና ሰዓቱን የጠቀስኩት እንዲያው ለወግ አይደለም፤ ምክንያቱን ሲያነቡ ያገኙታል።

ስሜ ቬስታ ካታራ ነው። በመልክ ባንተዋወቅም የእጅ ጽሑፌን ሳያውቁት አይቀሩም፤ ጣቢያዎ ከሦስት ዓመት በፊት ለመንደራችን የሰጠውን ቴሌቪዥን ቁልፍ በአንገቴ ያንጠለጠልኩት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የብረት ሳጥኑን የምከፍተው፣ ስንት ወንድና ስንት ሴት እንደተመለከተ፣ ፕሮግራሙም «ጠቃሚ»፣ «በጣም ጠቃሚ» ወይስ «እጅግ በጣም ጠቃሚ» እንደነበር በመዝገብ ሞልቼ በየወሩ የምልክልዎ እኔ ነኝ። ከእነዚህ ሌላ ምርጫ ቅጹ ላይ የለም፤ ስለ አርቆ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ።

ምስጋናን ካነሳሁ አይቀር ልጨርሰው። ቴሌቪዥኑ ከመምጣቱ በፊት ድሆች መሆናችንን እንጂ «ኋላ ቀር» መሆናችንን አናውቅም ነበር፤ ይህን ያወቅነው ከእናንተ ነው። ውሃ አፍልቶ ስለመጠጣት ያስተላለፋችሁት ትምህርት የደረሰን ጉድጓዳችን ሙልጭ ብሎ በደረቀበት ወር ስለነበር፣ ሴቶቻችን ባዶ እንስራ ታቅፈው በታላቅ አድናቆት ተከታትለውታል። አሁን ደግሞ ውለታችሁ በዝቶ ውሃ ከራሳችን በላይ ሊሆን ስለተቃረበ፣ የሚከተሉትን ቅሬታዎች በቁጥር ለይቼ ለማቅረብ እገደዳለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጥሪው።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የበጋው ሽምብራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ የሸለቆን ውሃ በግድብ ስለማስቀረት አሥራ ሦስት ትምህርት ማስተላለፍ ጀመራችሁ። አስተማሪዋ ወይዘሪት ሼፋሊ ነበሩ፤ የመንደራችን ሴቶች «የመስኮቷ እህት» ይሏቸዋል። በመጀመሪያው ምሽት እኚህ እመቤት ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «ይህን ሥራ ብቻችንን አንችለውም፤ ኑ፣ አግዙን» አሉ። በእናንተ ዘንድ ይህ የፕሮግራም ማሳመሪያ እንደሆነ ዘግይቼ ተረድቻለሁ። በእኛ ዘንድ ግን አንድ ሰው አቅሙ ተሟጥጦ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ብቻዬን አልችልም ኑ ካለ፣ ሐልማ ጠራ ይባላል። ሐልማ የተጠራ ቤት ሰው ይልካል፤ አይከፈለውም፣ አይደገስለትም፣ አልመጣም አይልም። ሥራው ሲያልቅ የጠሪው ነው፤ ያለ ጠሪው ቃል አንዲት ድንጋይ ከቦታዋ ማንሳት ነውር ነው።

በዚያ ምሽት መጀመሪያ የተነሳችው የአባቴ እህት ጃምኩ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ጉልበቷ እምቢ ቢላትም ምላሷ ገና ያልደከመ ሴት ናት።

«ሰማችሁ? ልጅቷ ሐልማ ጠራችን እኮ! ምን ተጎልታችሁ ታፈጣላችሁ?» አለች።

ታድቪያችን ሩማል፣ የመንደሩ ሹም ማለት ነው፣ ሳቅ እያለ «ኧረ አክስቴ፣ ሴትዮዋ እኮ ከተማ ናት፤ እኛን የት ታውቀንና?» ቢላት፣

«አታውቀን? ዓይን ዓይኔን እያየች አይደል እንዴ የለመነችኝ! አንተስ ቤትህ ተቃጥሎ ሐልማ የጠራህ ጊዜ ማን ቀረብህ? በል ዝም በል!» አለችው።  በማግስቱ ማለዳ አርባ ሦስቱም ቤት ዶማና ቅርጫት ይዞ ሸለቆው ውስጥ ተገኘ።

ሰው መስታወት ውስጥ ላለች ሴት ሐልማ ይወጣል ወይ ብለው ቢስቁ አልፈርድብዎትም፤ ይሳቁ። እኛ ግን ሦስት ወር ሙሉ፣ ረቡዕ ማታ ያሳያችሁንን ሐሙስ ጠዋት እየሠራን፣ ከመንደራችን በላይ ባሉት ሁለት ኮረብታዎች መካከል አንድ ግድብ አቆምን። እንደ ታዘዝነው ነው የሠራነው፤ አንድም ስንዝር ከራሳችን አልጨመርንም።

ሁለተኛ፤ ስለ ሰባተኛው ትምህርት።

በሰባተኛው ረቡዕ ሰው ሁሉ በጊዜ ተሰብስቦ ሳጥኑን ስከፍት፣ ወይዘሪት ሼፋሊ የሉም። በቦታቸው ነጭ የለበሱ ሰዎች ክሪኬት ይጫወታሉ። አንዱ ነጭ ለባሽ ሲሮጥ ሌሎቹ ነጭ ለባሾች ቆመው ያዩታል፤ እኛም እነሱን እናያለን። አሁን ያልቃል፣ አሁን ያልቃል ስንል የስርጭቱ ሰዓት አለቀ። በሳምንቱ ወይዘሪት ሼፋሊ ስምንተኛውን ሲጀምሩ እንዲህ አሉ፦ «ባለፈው ሳምንት የትርፍ ውሃ መውጫውን በሚገባ ስለሠራችሁ፣ ዛሬ የግድቡን አናት እናስተካክላለን።»

አክስቴ ጃምኩ ወደ እኔ ዞራ «የምን መውጫ? ማን ሠራ?» አለችኝ። እኔም፣ ባለ ቁልፉ፣ ሁሉን አዋቂው፣ «ይደግሙታል አክስቴ፣ አታስቢ» አልኳት። እነሆ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ያለ መውጫ የተሠራው ግድብ ከቤቷ በላይ ቆሟል፤ ከሥሩ መጀመሪያ የሚገኘው ቤት የእሷ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ጥያቄና መልስ ምሽታችሁ።

ሐሙስ ሐሙስ ተመልካች ከወረዳው ከተማ ሆኖ በስልክ ከስቱዲዮ ጋር እንዲነጋገር ማመቻቸታችሁን ሰምቼ፣ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር በእግሬ ሄድኩ። የመጀመሪያ ቀን «ከአምሊፓዳ ቬስታ ካታራ ነኝ» እንዳልኩ «እንኳን ደህና መጡ!» ተባልኩና መስመሩ ተቆረጠ። በሁለተኛው ጉዞዬ ጥያቄዬን እስከ መጨረሻው አስረዳሁ፤ ነገር ግን የዕለቱ ባለሙያ የዶሮ ሐኪም ስለነበሩ ስለ ዶሮ ፈንግል ሰፊ ማብራሪያ ሰጡኝ። ዶሮ የለኝም፤ ያም ሆኖ አመስግኜ ወጣሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ «መልሱን በሰባተኛው ትምህርት ያገኙታል» ተባልኩ። አራተኛውና የመጨረሻው ጉዞዬ ከሁሉም ይበልጣል፤ «ሰባተኛው ትምህርት በአምሊፓዳ መታየቱን ሰነዳችን ያረጋግጣል፣ ስለዚህ ድጋሚ አያስፈልግም» ብለው አሰናበቱኝ። ያን ዕለት የመመለሻው አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ከወትሮው ሁሉ ረዘመብኝ።

አራተኛውን ቅሬታ በእናንተው ሥርዓት ዘልዬዋለሁ፤ በቦታው ክሪኬት እንዳለ ይቁጠሩልኝ።

አምስተኛ፤ ስለ ምረቃው።

ግድቡ እንዳለቀ ካሜራችሁን ይዛችሁ ከተፍ አላችሁ። «በቴሌቪዥን ትምህርት ብቻ የተሠራ የመጀመሪያው ግድብ» ተብሎ ተቀረጸ፤ ከሌላ አገር የመጡ እንግዶች አጨበጨቡ፤ አክስቴ ጃምኩም አዲስ ቅርጫት ተሸክማ ሦስት ጊዜ እንድትመላለስ ታዘዘች፤ የራሷ ቅርጫት አርጅቷልና ለምስል አይሆንም ተብሎ ነው። አብሮ የመጣው መሐንዲስ ግድቡ ጫፍ ላይ ቆሞ ፎቶ ሲነሳ ሩማል ጠጋ ብሎ «ሳሂብ፣ ጌታዬ፣ ሲሞላ ውሃው በየት ነው የሚወጣው?» አለው። «መጀመሪያ ይሙላ እንጂ!» አለና ሳቀ። እንግዶቹም ሳቁ። ከዚያ «የልማት ንብረት ነው፤ መንካት በሕግ ያስቀጣል» የሚል ታፔላ ተተከለ።

ታፔላው ቀልድ አለመሆኑን ያወቅነው ሩማል በራሱ ጊዜ ከጫፉ ሦስት ድንጋይ አንስቶ ውሃ ማሳለፊያ ሊጀምር ሲል ነው። ሁለት ቀን ታሰረ። እስሩስ እስር ነው፤ የበለጠ ያዋረደው አክስቴ ጃምኩ ያለችው ነው፦ «ያለ ጠሪዋ ቃል ለምን ነካህ? እሷ ትምጣና ክፈቱ ትበለን፤ እኔ የመጣሁበትን ሐልማ አላፈርስም።» ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከላይ የእናንተ ሕግ፣ ከታች የእኛ ወግ፣ መካከል ላይ ግድቡ አለ።

ስድስተኛ፤ ስለ መጪው ዝናብ።

አምና ዝናቡ ደካማ ነበር፤ በቆሎአችን እንኳ በቅጡ አላሸተም። በዚያ ደካማ ዝናብ ውሃው ከግድቡ ጫፍ አንድ ክንድ እስኪቀረው ድረስ ወጥቶ፣ ግድቡ እግሩ ሥር አልቦት ነበር። አክስቴ ጃምኩ ከጓሮዋ እርጥብ አፈር በመዳፏ ይዛ መጥታ አሳየችኝ። ዘንድሮ የአየር ትንበያችሁ «ለገበሬዎች የምሥራች፣ ዝናቡ ከወትሮው የበዛ ይሆናል» ሲል ከርሟል። የእኛ ትንበያም ይስማማል። ቲቶዲ የምትባል፣ መሬት ላይ እንቁላል የምትጥል ወፍ አለችን፤ የውሃው መጠን የት እንደሚደርስ ታውቃለች እንላለን፣ ከዚያ በላይ ትጥላለች። ዘንድሮ አራቱንም እንቁላሏን የጣለችው ግድቡ አናት ላይ፣ ከታፔላችሁ ሥር ነው።

ወደ ኮረብታው ውጡ ይሉን ይሆናል። ኮረብታው የደን ክልል ተብሎ ከታጠረ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ የወጣ ይቀጣል የሚል ሌላ ታፔላ አለው።

ባለፈው ሳምንት ጋሊያ ድንጋይ ጠራቢው መጣ። ማንም አልጠራውም። ድንገተኛ ሞት የሞተ ሰው ካለን፣ ፈረሰኛ ተቀርጾበት መንደር ዳር የሚቆመውን ድንጋይ የሚሠራልን እሱ ነው። ግድቡን አየ፣ ወደ ታች ቤቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፣ ውሃ ጠጣና «ይህን ያህል ድንጋይ እኔ ብቻዬን አላደርሰውም» ብሎ ሄደ። 

ሰባተኛ ቅሬታ የለኝም፤ ሰባተኛ ነገር ሲጎድል ምን እንደሚመጣ እናንተው አስተምራችሁናል። ይልቅ የዘለልኩትን አራተኛውን ልጻፈው፤ ሌላ ጊዜ እኮ ላይኖረኝ ይችላል።

አራተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። «ሰነዳችን ያረጋግጣል» ያላችሁት ሰነድ የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። በዚያ በክሪኬቱ ምሽት መዝገቡን ከፈትኩ። «ሰባተኛ ትምህርት» ተብሎ አስቀድሞ ታትሟል፤ «አልተላለፈም» የሚል ዓምድ የለም። ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ መንደር ቴሌቪዥኑ ተነቅሎ ለሌላ ይሰጣል የሚል መመሪያም ልካችሁ ነበር። ፈራሁ። ያ ቁልፍ ከአንገቴ እንዳይወልቅ ፈራሁ፤ ከቁልፉ በፊት እኔን ማን ከሰው ይቆጥረኝ ነበር? ስለዚህ «ተመልካች፦ አንድ መቶ ሰማንያ ሰባት፤ እጅግ በጣም ጠቃሚ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አክስቴ ጃምኩ ይህን አታውቅም ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ነገርኳት። «ብላ» ብላ የበቆሎ ቂጣ ሰጠችኝ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ክቡር ሆይ፣ አብረን ነው የዋሸነው፤ ልዩነታችን እኔ ከግድቡ በታች እርስዎ ከግድቡ በጣም ርቀው መኖርዎ ብቻ ነው።

ልመናዬ አጭር ነው። ወይዘሪት ሼፋሊ አንዲት ደቂቃ ብቻ፣ ከክሪኬቱም ከማስታወቂያውም ተርፎ፣ ብቅ ብለው «የአምሊፓዳ ሰዎች፣ ግድቡን ክፈቱት» ይበሉልን፤ ታፔላውም ይነሳ። ግድቡ አሁን ባዶ ነው፣ ከጎኑ ያለውን አለት ቆርጠን የውሃ መውጫውን ለመሥራት ዘጠኝ ቀን ይበቃናል። ይህም ካልተቻለ፣ እኔ ቬስታ ካታራ፣ አቅሜ ተሟጥጦ፣ እጄን ዘርግቼ፣ በሰው ሁሉ ፊት ሐልማ እጠራዎታለሁ፤ ብቻችንን አልቻልንም፣ ይምጡ። ዶማ እኛ እናውስዎታለን። ሐልማ ተጠርቶ የቀረ ሰው በእኛ ዘንድ አይሰደብም፣ አይወቀስምም። በሞተ ዕለት ብቻ የሬሳውን ማቃጠያ እንጨት የሚሸከምለት አይገኝም።

የክቡርነትዎ ዕድሜ ከስርጭትዎ እንዲረዝም፣ ወንበርዎ ከግድባችን እንዲጠብቅ እየተመኘሁ፣ ለሦስት ዓመት ታማኝ ቁልፍ ያዥዎ፣ ዘወትር «እጅግ በጣም ጠቃሚ» ብሎ የፈረመልዎ፣

ቬስታ ካታራ፣ ከአምሊፓዳ

ግልባጭ፦
ለወይዘሪት ሼፋሊ፣ በመስኮታቸው
ለወረዳው ፖሊስ ጣቢያ
ለጋሊያ ድንጋይ ጠራቢው

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ሐሙስ ንጋት ላይ ይህን እጨምራለሁ። ትናንት ረቡዕ ምሽት ቦምቤይ ላይ ዝናብ ጥሎ ክሪኬቱ ሲቋረጥ፣ ክፍት ሰዓት ለመሙላት ሰባተኛውን ትምህርት አስተላለፋችሁ፤ ከልብ እናመሰግናለን። መንደሩ በሙሉ ተቀምጦ አይቷል። ወይዘሪት ሼፋሊ የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ነበር፦ «አንድ ድንጋይ ከማስቀመጣችሁ በፊት የትርፍ ውሃ መውጫውን ሥሩ፤ መውጫ ከሌለው ግድብ ሥር ሰው ማደር የለበትም።» እንዴት እንደሚሠራ ሊያሳዩን ሲዞሩ፣ በአራተኛው ደቂቃ፣ ቦምቤይ አባርቶ ኖሮ ወደ ክሪኬቱ መለሳችሁን።

 አክስቴ ጃምኩ በሁለት እጇ መሬቱን ተደግፋ ተነሳችና «ጠራችን?» አለችኝ። «አልጠራችንም አክስቴ» አልኳት። «እንግዲያው እኔ ጠራሁ» አለች፤ እጆቿን ዘረጋች። «ብቻዬን አልችለውም፤ ኑ።» አሁን ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሰው ዶማ ይዞ ወደ ግድቡ እየወጣ ነው፤ ቁልፉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎ እኔም እከተላለሁ። ቦምቤይ ላይ የዘነበው እኛ ጋ ለመድረስ አራት ቀን ይፈጅበታል፤ ሥራው ዘጠኝ ቀን ነው ብዬዎታለሁ።

ስለዚህ ደብዳቤው ሲደርስዎ ከሁለት አንዱን ያገኛሉ። ግድቡ ተቆርጦ ካገኙት ሁላችንም ጥፋተኞች ነን፣ አንክድም፤ ከእኔው ጋር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ካቴና ይዘው ይምጡ። ዝናቡ ከቀደመን ግን ካቴናውን ይተዉት፤ የሚታሰርበት እጅ አያገኙም።